ያላየሁት ብሎን

የካምቢዮ ዘይት ሽታ ከሞተር ዘይት ይለያል። የሞተር ዘይት ሲያረጅ ይጠቁርና የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። የካምቢዮ ዘይት ግን ድኝ አለበት። ጥርስ ከጥርስ ጋር እየተፋጨ ሲዞር ብረቱ እንዳይበላላ የሚጨመርበት ቅመም ድኝ ስላለው፣ ከበድ ያለ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ጠረን አለው። ልብስ ላይ ከነጠበ በአንድ አጠባ አይለቅም። ባለፈው ጥቅምት፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ፖርሸ 911 ሥር ተጋድሜ የካምቢዮውን ማፍሰሻ ስፈታ ያ ጠረን መጣ። ዘይቱ ሳፋው ላይ እየተንቆረቆረ እኔ አዲስ አበባ፣ ቀበና ነበርኩ።

ግቢያችን ትልቅ አልነበረም። በባህር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተዘረጋ የቆርቆሮ ዳስ ነበረው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ለዓመታት ዘይት ከመጠጣቱ የተነሣ ጠቁሮና ጠንክሮ ሐምሌ ላይ እንኳ አይላቁጥም ነበር። የእናቴ ወንድም፣ እኛ ልጆቹ ጋሼ የምንላቸው፣ ሥራቸው ድራፍትስማን ነበር። በሥራ ቀን ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው በእርሳስና በማስመሪያ የሕንፃ ፕላን ይሠራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ነጩን ሸሚዝ አውልቀው ሰማያዊ ቱታ ይለብሱና የሠፈሩን ቮልስ ይቀበላሉ። የመምህር ቮልስ፣ የነርስ ቮልስ፣ የጡረተኛ ሻምበል ቮልስ። የሚችል ይከፍላል፤ የማይችል በሌላ ቅዳሜ መጥቶ የሌላ ሰው መኪና ያነሣል።

ጊዜው 1970ዎቹ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ አዲስ መለዋወጫ የሚገኘው በዕድል ነው። የፒስተን ቀለበት ለመፈለግ ሶማሌ ተራ ይወረዳል፤ እዚያ የታጣ ምናለሽ ተራ ይፈለጋል፤ እዚያም ከታጣ ያለው ይታደሳል። ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን ይቆረጥ ነበር። ካርቶኑን ብረቱ ላይ አስቀምጦ ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ ብረቱ ራሱ ካርቶኑን እየቆረጠ ቅርጹን እስኪያወጣ ድረስ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ቅዳሜ ለእኔ ያ ድምፅ ነበረች። ጋሼ ለዚያ ካርቶን የሚያደርጉት ጥንቃቄ ለሕንፃ ፕላን ከሚያደርጉት አያንስም ነበር። ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚመቱት።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ጀርመን አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ጋሼ የቤንዚኑን ቀዳዳ በጠበበ ይለውጡታል። ብርዱ ግን ለቮልስ ይስማማዋል ይሉ ነበር፤ ራዲያተር የለው፣ ውሃ የለው፣ የሚያቀዘቅዘው አየር ብቻ ነው። ከአራቱ ሲሊንደሮች ሁልጊዜ የሚጎዳው 3ኛው ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እሱ የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለቆመ፣ ለ3ኛው የሚደርሰው አየር ሞቆና አንሶ ነው። ስንት ሞተር የወረደው በ3ኛው ምክንያት ነው! ጋሼ ስለ 3ኛው ሲሊንደር ሲያወሩ ስለ አንድ በሽተኛ ዘመድ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። የታችኞቹ አያስቸግሩም፤ ከሥር ተጋድሞ በ17 ቁልፍ ዳዷቸውን መፍታት ነው። ሰው የሚፈትኑት የላይኞቹ ብሎኖች ናቸው። ከቬንቲላተሩ ቆርቆሮ ጀርባ፣ በሞተሩና በመኪናው ግድግዳ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ተደብቀዋል። አንድ ሰው ከሥር ሆኖ ሲያዞር፣ ሌላው ከላይ እጁን አሹልኮ ጫፋቸውን በቁልፍ ካልያዘ አብረው ይዞራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ አይፈቱም።

የጋሼ እጅ ትልቅ ነበር፤ የእኔ ትንሽ። «ና እስቲ ማሙሽ፣ ያቺን እጅህን አምጣት» ይሉኛል። የኋላውን ኮፈን ከፍተው በደረቴ ያስተኙኛል፤ እጄ እስከ ብብቴ ትገባለች። መጀመሪያ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ይነካኛል፤ ቀጥሎ ሻካራው የሞተር ቤት፤ ቀጥሎ ዘይትና አቧራ የተጋገሩበት ጠርዝ፤ ከዚያ ጥግ ጥግ ያለው ነገር።

«አገኘኸው?» ይላሉ። ድምፃቸው ከመሬት ነው የሚመጣው።

«አገኘሁት ጋሼ።»

«ስንት ጎን አለው?»

በጣቴ ጫፍ እዞረዋለሁ። «ስድስት።»

«እንግዲያው እሱ ነው። ቁልፉን አግባና ያዘው። ብነቀንቀውም እንዳትለቅ።»

ክንዴ እስኪደነዝዝ እይዛለሁ። ብሎኑ መጀመሪያ አልፈታ ይላል፤ ከዚያ በብረቱ ውስጥ አንድ አጭር ጩኸት እጄ ድረስ ይመጣና ይለቃል። ያ መልቀቅ ከሥር የሚያዞሩት ጋሼ ከመናገራቸው በፊት ለእኔ ይሰማኝ ነበር። ብሎኑን ግን አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቅዝቃዜውን፣ የጎኖቹን ስፋት፣ በመምህሩ ቮልስ ላይ አንዱ ጥግ ተበልቶ እንደነበር ሁሉ አውቃለሁ፤ መልኩን አላውቅም።

ጋሼ የቤንዚኑን ቱቦ ከመንቀላቸው በፊት ከጆሯቸው ላይ እርሳስ ያወርዳሉ። የቮልስ ሳልባትዮ ከፊት ነው፤ ከሞተሩም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቱቦው ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ይፈስሳል። የፕላን እርሳሳቸውን ቱቦው አፍ ውስጥ ይወትፉታል፤ ልክ ይመጣል። በኩፖን የተገዛ ቤንዚን አንድ ጠብታው አይባክንም። ያ እርሳስ ሰኞ ተመልሶ መሥሪያ ቤት ይሄዳል።

ከዚያ የሠፈሩ ጎረምሶች ይጠራሉ። ሞተሩ 110 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወደ ኋላ ተስቦ ፍሪሲዮኑ ከካምቢዮው ዘንግ ሲላቀቅ ዝቅ ብሎ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ የሚነሣው መኪናው ነው። አራት አምስት ሰው ከኋላ ይዞ፣ በጋሼ ቆጠራ፣ በአንድ ትንፋሽ አንሥቶ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሞተሩ ጎማው ላይ ብቻውን ይቀራል። እናቴ በዚያ ሰዓት ቡና ታፈላለች፤ ከሰሉ ግን ከቤቱ ማዶ ነው፤ ቤንዚን ባለበት እሳት ወዲህ እንዳይመጣ የጋሼ ጥብቅ ትእዛዝ አለ። ጎረምሶቹ እጃቸውን በኦሞና በአሸዋ አሽተው ታጥበው ስኒ ሲይዙ ጣታቸው ነጩ ላይ ምልክት ይተዋል። እናቴ ስለነዚያ ስኒዎች የምትለውን ዛሬም እሰማዋለሁ።

የዳሱ ምሰሶ ላይ ከውጭ መጽሔት የተቀደደ አንድ ገጽ በሚስማር ተመትቶ ነበር። ፀሐይ ያገረጣው፣ ጠርዙ በዘይት ጣት የተነካካ ገጽ ነው። ነጭ መኪና ናት፤ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች አሏት፤ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳለች። በ1970 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን ኬንያ ላይ በተካሄደው የሳፋሪ ራሊ የተነሣች ፖርሸ 911 ኤስሲ ነበረች። ለስፖርት የተሠራች ዝቅ ያለች መኪና፣ ለአፍሪካ መንገድ ተብሎ ከመሬት ከፍ ተደርጋ። ያን ዓመት ኬንያዊው ቪክ ፕሬስተን ጁኒየር በእንዲህ ያለች መኪና 2ኛ ወጣ፤ ስዊድናዊው ቢዮርን ዋልደጎርድ 4ኛ። አንደኛው ፔጆ 504 ነበር። ጋሼ ፔጆ ማሸነፉን አይወዱም ነበር፤ ፕሬስተንን ግን የጎረቤት ልጅ አድርገው ነበር የሚጠሩት።

«ይህቺ የቮልስ ልጅ ናት» ይሉኝ ነበር በመፍቻው ጫፍ እያመለከቱ። «ሞተሯ ከኋላ ነው። የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። ስትታመም የሚወጣው ከሥር ነው። እኛ የምናውቃት መኪና ናት።»

ፖርሸ ያላቸው ሰዎች ይህን ዝምድና ሲሰሙ ብዙዎቹ ደስ አይላቸውም። እኔ ግን ጋሼ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ታሪኩም ከእሳቸው ጋር ነው። ቮልስን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። ልጁ ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ፣ ግሙንድ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ የቮልስ ዕቃዎችን እየተጠቀመ የመጀመሪያውን 356 አወጣ። ከ356 ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ የታየው መኪና ስድስት ሲሊንደር ነበረው፤ ስሙ 901 ነበር። መካከሉ ላይ ዜሮ ያለበት የሦስት አኃዝ ስም የኛ ነው ብሎ ፔጆ ስለተቃወመ 911 ተባለ። ይህን ካነበብኩ ወዲያ ጋሼ ለፔጆ የነበራቸው ቅያሜ ትንሽ ገብቶኛል። ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ ተጋድመው ፊት ለፊት የሚተያዩበት አሠራር፣ ከኋላ ጎማ ወዲያ የተንጠለጠለው ሞተር፣ የሚነፍሰው ቬንቲላተር፣ ሁሉም ከዚያች ትንሽ መኪና የመጣ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ያወቁት ከአንድ ገጽ ፎቶ ነው። 911 በአካል አይተው አያውቁም ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ያለውን 911 የገዛሁት ለዚያ ገጽ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኝም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራ ኤስሲ ነው፣ 3 ሊትር፣ እንደ ፎቶው ነጭ። በብርድ ጧት ሲነሣ ከግራና ከቀኝ የማይመሳሰል ድምፅ ይሰማበት ነበር፤ ትፍ፣ ትፍ የሚል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ። አንድ ቀን የታችኛውን የቫልቭ ክዳን ስፈታ የብሎን ቁራጭ ከነዳዶው መዳፌ ላይ ወደቀ። በዚህ ሞተር ላይ ቴስታታዎቹን ከሞተሩ ቤት ጋር አጥብቀው የሚይዙ 24 ረጃጅም ብሎኖች አሉ። የታችኞቹ 12ቱ ዲላቫር ከሚባል ብረት የተሠሩ ናቸው። ሲሞቅ ከአሉሚኒየሙ እኩል እንዲረዝም ታስቦ የተቀመመ ብረት ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ከታች፣ ጨውና ውሃ በሚያገኛቸው በኩል፣ ዝገት እየበላቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራሉ። አንዱ ከተሰበረ ሌሎቹን ማመን አይቻልም። ስለዚህ ሞተሩ መውረድ አለበት።

ልጄ ገና ተማሪ ናት፤ እዚሁ የተወለደች። ቅዳሜ ጧት ቱታ ለብሳ ስትመጣ ምን እንዳመጣት አልጠየቅኋትም። ባትሪውን ነቀልን። ዘይቱን አፈሰስን፤ ለቮልስ ሁለት ሊትር ተኩል ይበቃው ነበር፣ ይህ ግን ከአሥር ሊትር በላይ ይይዛል፤ ሳፋው ሞልቶ ሌላ ፈለግን። የጋዙን ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ፣ የሞተሪኖውን ወፍራም ሽቦ፣ ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን የመሬት ሽቦ። በመቀመጫዎቹ መካከል፣ ምንጣፉ ሥር፣ ትንሽ ክዳን አለች፤ እሷ ስትከፈት የማርሹ ዘንግ የሚያያዝበት ብሎን ይገኛል። አክስሎቹ ላይ በየጎኑ ስድስት ስድስት ብሎን፤ ራሳቸው በግራሶ ተሞልቶ ቁልፍ አልይዝ ይላል፤ በሚስማር ጫፍ አንድ በአንድ ማጽዳት ነው።

ልጄ እያንዳንዱን ብሎን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ስሙን ትጽፍበታለች። ከመፈታቱ በፊት ፎቶ፣ ከተፈታ በኋላ ፎቶ። ጋሼ ብሎኖቹን አሮጌ ነጠላ ላይ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ይደረድሩ ነበር፤ መልሰው ሲገጥሙ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው፤ ዶሮ ነጠላው ላይ ከወጣች ያ ቀን የሁላችንም መከራ ነው። ከሞተሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ፣ የቤንዚን ቱቦ መገጣጠሚያ አለ፤ እጄን ሰደድኩ፤ ክርኔ ላይ ቆመ። ልጄ ስልኳን በቀጭን እንጨት አስራ አስገባችና ምስሉን አሳየችኝ። ዳዶው፣ ዝገቱ፣ ከበላዩ የተጣጠፈው ሽቦ፣ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። እኔ በልጅነቴ በዚያው ዓይነት ጨለማ ውስጥ በጣት የፈለግኩትን እሷ ቆማ አየችው። ከእኔ የተሻለ ነው ያየችው። ዳዶው መሰንጠቁን ያወቅነው በምስሉ ነው፤ ጣቴ ቢደርስ ኖሮ ስንጥቁ አይሰማውም ነበር።

ያንን ዘመን የተሻለ ነበር ብዬ አልጽፍም። ጋሼ ዕቃ የሚያጥቡት በቤንዚን ነበር፤ የእጃቸው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡታል። አንዲት ኩሽኔታ ጠፍታ አንድ ቮልስ ክረምቱን ሙሉ ዳሱ ሥር ቆሞ ያውቃል፤ ባለቤቷ ነርስ የሌሊት ተረኛ ነበረችና ጎህ ሲቀድ በእግሯ ትመለስ ነበር። ዛሬ 24 አዲስ ብሎን ባዝዝ በሳምንት ውስጥ ደጄ ላይ ነው። ግን አንድ ነገር አለ። በዚያ እጦት ውስጥ አንድ አዋቂ ሰው፣ ሥራው የሚታመንበት ሰው፣ መኪና ሥር ተጋድሞ የአንድ ልጅን ጣት ይጠይቅ ነበር። ስንት ጎን አለው? እኔ ስድስት ካልኩ ስድስት ነው፤ ሌላ ማረጋገጫ አልነበረም። በዚያ ዕድሜዬ ቃሌ እንደዚያ የተከበረበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም፤ ትምህርት ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ እራት ላይም።

ጎረምሶቹም እንደዚሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብጣራ መኪና ለማንሣት የሚመጣ ሐበሻ አላጣም፤ ቡና ካለ ደግሞ ከነቤተሰቡ ይመጣል። ነገር ግን አያስፈልጉም። በሃይድሮሊክ የሚሠራው ማንሻ የአምስት ሰው ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ አይጠሩም። ቀበና ላይ ያ ጡረተኛ ሻምበል፣ ከጋሼ ጋር በፖለቲካ ምክንያት የማይነጋገር ሰው፣ መኪናው ሲታመም ይመጣ ነበር፤ ሌላው ሲታመምበትም ለማንሣት ይመጣ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁለት ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ ተያይቶ ቡና መጠጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ክብደቱ ነው ያገናኛቸው።

የ911 ሞተርና ካምቢዮ የሚወርዱት ተያይዘው ነው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ጭነት መኪናው ላይ የሚይዙት በመጨረሻ አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሁለት ከሞተሩ ኋላ፣ ሁለት ከካምቢዮው ፊት። ማንሻውን ከሥር አስደግፈን አራቱን ፈታን። ልጄ ከጎን ሆና ትጠብቃለች፤ አንድ የረሳነው ሽቦ ወይም ቱቦ ቢወጠር «ቁም!» ልትል። አንድ ጊዜ አለች፤ የዘይት መተንፈሻው ቱቦ ነበር። ከዚያ ማንሻውን ጣት ጣት ያህል እያወረድን፣ ሞተሩ ከመኪናው ሆድ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ካምቢዮውን ከሞተሩ ስንለይ ሁለቱን የሚያጣብቁት ብሎኖች በብርሃን ፊት ወጡ። አነሣሁና አየሁዋቸው። ግራጫ ናቸው፣ ጥርሳቸው ላይ ቢጫ ዝገት አለ። ተራ ብሎን ናቸው። ረጅም ጊዜ ይዣቸው ቆየሁ።

ከዚያ ለጋሼ ደወልን። አዲስ አበባ መሽቷል። ዛሬ አርጅተዋል፤ ሞራ ዓይናቸውን ስለጋረደው ምስል አይለይላቸውም። ልጄ ስልኩን ሞተሩ ላይ ስታዞር «የኔ እመቤት፣ እኔ የማየው ጭጋግ ነው» አሏት። «ስልኩን አባትሽ ይያዘው፤ አንቺ እየዳሰስሽ ንገሪኝ።»

ጓንቷን አወለቀች። «ክብ ነገር አለ አባባ፤ ክንፍ ክንፍ ያለው።»

«ቬንቲላተሩ ነው። ወደ ጎን ውረጂ።»

«ቆርቆሮ… ከዚያ ስስ ስስ ሆኖ የተደረደረ ብረት።»

«ሲሊንደሩ ነው፤ ሙቀቱን የሚያወጣበት ነው። ከሥሩስ?»

የቫልቩ ክዳን ክፍት ነበር። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰዳ አንድ በአንድ ዳሰሰች። «ዳዶ… ዳዶ… እዚህ ባዶ ነው። ቀዳዳ ብቻ።»

«3ኛው ነው?» አሉ ጋሼ ወዲያው።

«አይደለም ጋሼ፣ 5ኛው ነው» አልኩ እኔ።

«ለካ ይህ ስድስት አለው።» ትንሽ ዝም አሉ። «የዘይት ማቀዝቀዣውን በየት በኩል አደረጉት?»

«በቀኝ።»

«5ኛውስ በየት በኩል ነው?»

«እሱም በቀኝ ነው።»

«ይኸው!» አሉ። ድምፃቸው ከመኪና ሥር እንደሚመጣበት ጊዜ ጠነከረ። ምክንያቱ የብረቱ ዓይነት ነው፣ ዝገት ነው፣ ደግሞም ከፊት ፓራፋንጎው ውስጥ ሌላ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አለው አልኳቸው። «ዝገቱስ የሚፈጥነው በሙቀት አይደለም?» አሉኝ። እኔ ብረቱ ነው አልኩ፤ እሳቸው ሙቀቱ ነው አሉ። ልጄ መካከላችን ቆማ እጇን ከሞተሩ ሳታወጣ ታዳምጣለች።

«ነገ ቴስታታውን ስትፈቱ ሳትደውሉልኝ እንዳትጀምሩ» አሉ ጋሼ። «4ኛውንና 6ኛውን ትዳስስልኝ። ማቀዝቀዣው የቀረበው የበለጠ ተጎድቶ ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«አባዬ፣ 4ኛው የትኛው ነው?» አለችኝ።